ሲፈልግ የሚከፈት መሳቢያ፦ ስምንት ወር በሚኒባሴ

በርበሬው የተበተነው ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስንሄድ ኮሶዬን አለፍ እንዳልን ነው። ማለዳ ነው፣ ይበርዳል፣ መስኮቱ ሁሉ ዝግ ነው። አንዲት አህያ መንገድ መሃል ቆማለች። ፍሬን ያዝኩ። ከኋላዬ ‹‹ሽርርር… ጧ!›› የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የሰማሁት የጋይዱን ማስነጠስ ነው። ከዚያ የሁለቱን እንግዶች፣ ከዚያ የረዳቴን፣ ከዚያ የራሴን። ዳር ይዤ እስክቆም አምስት ሰው እየተቀባበለ ያስነጥሳል። በሩን በርግደን ወጣን። ወለሉ ላይ ሁለት ኪሎ በርበሬ፣ አንድ ኪሎ ሽሮና 30 እንቁላል ተለውሰው ተኝተዋል። ሽንኩርት ብቻ ነበር የጎደለው። አህያዋ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

ይህን የምጽፈው ስለ መኪናው አይደለም። መኪናዬ ዶልፊን የሚሏት ሚኒባስ ናት። ስለ ዶልፊን የሚያወራ ሰው ጎንደር ውስጥ ሞልቷል፣ እኔ የምጨምረው የለኝም። የምጽፈው ከኋላዋ ስላስገጠምኩት አልጋና መሳቢያ ነው። በተለይ ስለ መሳቢያው። ስምንት ወር ታግሼዋለሁ፣ አሁን ግን ይውጣልኝ።

ሥራዬ ስሜን ተራሮች ለሚወጡ እንግዶች ምግብ ማብሰል ነው። እዚያ ‹‹ኩክ›› ነው የሚሉን። ጋይድ፣ ስካውት የሚሉት ጠባቂ፣ ኩክና የበቅሎ ሰው፣ ቡድኑ ይኸው ነው። መንገዱ በሚፈቅድባቸው ሳምንታት ከጎንደር ደባርቅ፣ ከደባርቅ ሳንቃበርና ጨነቅ ወደሚባሉት ካምፖች እመላለሳለሁ። እንግዶቹ ድንኳን ውስጥ ያድራሉ፣ እኔ መኪናዬ ውስጥ። ሥራ ሲቀዘቅዝ ልጆቼን ይዤ ጣና ዳር ጎርጎራ እወርዳለሁ። ለጥምቀት ደግሞ ቤቴ በዘመድ ስለሚሞላ ከገዛ ቤቴ ተባርሬ ግቢ ውስጥ መኪናዬ ላይ ነው የምተኛው።

ስለዚህ የኋላ ወንበሮቹን አስነሳሁና አልጋ አሠራሁ። ከሥሩ ሁለት ትልልቅ መሳቢያዎች፣ ወደ ፊት፣ ወደ ተሳፋሪው በኩል የሚከፈቱ። አልጋው ጥሩ ነው። እተኛበታለሁ። በቃ፣ ወደ መሳቢያው እንመለስ።

የሠራልኝ ልጅ ጎበዝ ነው፣ አልዋሽም። ለኩሽና። ሱቁ ውስጥ ያየሁት፣ ኤምዲኤፍ ከሚሉት ጣውላ የተሠራው ካቢኔት ያብረቀርቃል። መሳቢያውን በአንድ ጣቱ ገፋ ሲያደርገው ስላይድ በሚሉት ሐዲድ ላይ ሹልክ ብሎ ገባ። ‹‹ጋሼ፣ ይሄ ስላይድ 45 ኪሎ ይችላል›› አለኝ። ‹‹ኤምዲኤፉም ውሃ አይነካውም፣ እንደ ላሜራ ማለት ነው።›› እኔም እንደ ልጅ ያንን መሳቢያ አሥር ጊዜ ከፍቼ ዘጋሁት። 28 ሺህ ብር ቆጥሬ ሰጠሁት። ባለቤቴ ዋጋውን ስትሰማ ‹‹ለመኪና ነው ወይስ ለሙሽራ?›› ብላ ነበር።

አሁን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከዚያ ልጅ ጋር በሐሳቤ እከራከራለሁ። እሺ ወንድሜ፣ 45 ኪሎ ይችላል አልከኝ። ቆሞ ነው ወይስ እየሄደ? ኩሽና ውስጥ ያለ መሳቢያ በሕይወቱ ስንት ዳገት ይወጣል? ስንቴ ፍሬን ይያዝበታል? ስላይዱ ሹልክ ብሎ መግባቱን አሳየኸኝ። ሹልክ ብሎ የሚገባ ነገር ሹልክ ብሎ እንደሚወጣ ለምን አልነገርከኝም? እሱ ደግሞ በሐሳቤ ‹‹ጋሼ፣ እርስዎም አልጠየቁም›› ይለኛል። ይኼ ነው የሚያናድደኝ። እውነቱን ነው።

ከበርበሬው ቀን በኋላ ፕላስተር ለጠፍኩበት። ደባርቅ ሳንደርስ ተላቀቀ። ማግኔት ያለው መያዣ አስገጠምኩ፣ የቁም ሳጥን በር ላይ እንደሚደረገው። ዳባት ላይ እጁን ሰጠ። የሚገርመው ስላይዱ ራሱ አልተሰበረም። የለቀቁት ብሎኖቹ ናቸው። ኤምዲኤፍ የተፈጨ እንጨት በሙጫ ተጨፍልቆ ነው የሚሠራው፣ በተለይ ጠርዙ ላይ ብሎን አይዝም። ጠጠር መንገድ ላይ ሁለት ሰዓት ሲንቀጠቀጥ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ብሎኑ ይዞራል፣ ከዚያ እንደ ሕፃን ጥርስ ይወልቃል። ወለል ስጠርግ የማገኘው ብሎን እየበዛ ሄደ። በጣሳ ማጠራቀም ጀመርኩ።

ግን በዚህ ብቻ ቢያበቃ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። የጨነቁ ሌሊት ነው አንጀቴን ያሳረረው።

ጨነቅ 3,600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ሌሊቱ ውሃ ያረጋል። በዚያ ላይ ረዳቴና እኔ መስኮት ዘግተን ነው የተኛነው። ሁለት ሰው ሌሊቱን ሙሉ ሲተነፍስ ትንፋሹ የት ይሄዳል? ቀዝቃዛው የመኪና ቆርቆሮ ላይ ውሃ ሆኖ ይለጠፋል። ጎህ ሲቀድ ግድግዳው ከውስጥ በኩል ነጭ አመዳይ ለብሷል። ፀሐይ ስትነካው ቀለጠና ቀስ እያለ ወረደ። የት? ቀጥታ ወደ መሳቢያው ጀርባ። ሱቁ ውስጥ ያብረቀረቀው ከፊት ነበር፤ ከጀርባው የተቆረጠውን ጠርዝ ማንም አልሸፈነውም። ውሃ የማይነካው ኤምዲኤፍ እንደ ረጠበ ዳቦ አበጠ።

እንግዶቹ ተነስተዋል። ዋሊያ ለማየት በጠዋት ሊወጡ ነው። ቡናና ገንፎ ይጠብቃሉ። ምድጃው፣ ጀበናው፣ ዱቄቱ፣ ሁሉም መሳቢያው ውስጥ ነው። ጎተትኩት። እምቢ። ረዳቴ ጎተተው። እምቢ። ሁለታችን እግራችንን አልጋው ላይ ተክለን ጎተትን። እጀታው ተነቅሎ እጃችን ላይ ቀረ። መንገድ ላይ ያለ ፈቃዴ የሚከፈተው መሳቢያ ካምፕ ስንደርስ በልመናም አልከፈት አለ! አንድ የዚያ አካባቢ ትልቅ ቁራ፣ ያ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው፣ በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ቆሞ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያየናል። እሱም ቁርስ እየጠበቀ ነው። በመጨረሻ በጎማ መፍቻ ፈልቅቄ ከፈትኩት። ገንፎው ለምሳ ደረሰ ብል ብዙም አላጋነንኩም፤ እዚያ ከፍታ ላይ ውሃ 88 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለሚፈላ ምግብ እንደሆነ በራሱ ጊዜ ነው የሚበስለው።

የበቅሎው ሰው ከሩቅ ሆኖ ይስቃል። አዛውንት ናቸው፣ ‹‹አያ›› ነው የምላቸው። ‹‹አንተ፣ ወደዚህ ስትመጣ በየት አለፍክ?›› አሉኝ። ‹‹በሳንቃበር›› አልኳቸው። ‹‹እኮ! አባቶችህ በሩን በምን ሠሩት? በሳንቃ። አንተ በወረቀት መጣህ›› አሉ። መሳቅ ነበረብኝ፣ አልሳቅኩም። ቆይቶ ግን መጥተው በመጫኛቸው መሳቢያውን ከአልጋው እግር ጋር ጠፍረው አሰሩልኝ። ጎንደር እስክገባ ድረስ አንዴም አልተከፈተም። 28 ሺህ ብር ያልሠራውን አንድ ክንድ ገመድ ሠራው።

በዚያ ሳምንት ነው አሜሪካ ላለው የአጎቴ ልጅ በቴሌግራም ያማረርኩት። እሱ ፊፍዝ ዊል የሚባል ተጎታች ቤት አለው። ከፒክአፕ ጀርባ፣ ከኋላ ጎማው ዘንግ በላይ በተተከለ መያዣ ላይ ነው የሚቀጠለው፣ አንገቱ እንደ ሰጎን ወጣ ብሎ። ከጅቡቲ ዕቃ የሚያመጡት ረጃጅም መኪኖች እንደሚያያዙት ማለት ነው። ውስጡ መኝታ፣ ኩሽና፣ መታጠቢያ አለው። ከወለሉ በታች ‹‹ምድር ቤት›› የሚሉት የዕቃ ማስቀመጫ አለ። በፋብሪካ የተሠራ፣ ውድ ነገር ነው። ይስቅብኛል ብዬ ነበር። ‹‹የእኔም መሳቢያ መንገድ ላይ ይከፈታል›› አለኝ! ማመን አቃተኝ። እሱም እያንዳንዱ መሳቢያና ቁም ሳጥን ላይ መቀርቀሪያ ጨምሯል። ፍሪጁ ውስጥ ዕቃው እንዳይወድቅ የሚወጠር ዘንግ አስገብቷል። ምድር ቤቱን በመደርደሪያ ከፋፍሎታል። ፎቶ በፎቶ ላከልኝ። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ መሳቢያ አወራን፤ ስለ ለቅሶና ሠርግ እንኳ እንዲህ አውርተን አናውቅም።

ከነገረኝ ሁሉ አንዱ ግን አልጋዬን እንደገና እንዳየው አደረገኝ። የእሱ ቤት በር ላይ ስንት ኪሎ ዕቃ መጫን እንደሚችል የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል። የጨመረው መደርደሪያ ሁሉ ከዚያ ላይ ይቀነሳል። ማሻሻያው ራሱ ጭነት ነው። ሄጄ አሰላሁ። ባለ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ፣ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነው ሙሉው፣ ወደ 40 ኪሎ ይመዝናል። እኔ ሁለት ነው የጨረስኩት። አንድ ሹካ ሳላስገባ፣ አንድ ጎልማሳ ከነካፖርቱ ጭኜ ነው ዳገት የምወጣው። የማያወራ፣ ሒሳብ የማይከፍል ተሳፋሪ።

ሌላም ነገረኝ። ዕቃ ወደ ጭራ ከበዛ ከፊት መያዣው ላይ ያለው ክብደት ይቀንስና ተጎታቹ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ስለዚህ ከባድ ነገር ከጎማው ወደ ፊት ነው የሚቀመጠው። የእኔ መኪና ተጎታች አይደለችም፣ ግን ነገሩ ጆሮዬ ላይ ቀረ። አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ የማስቀምጠው ከኋላው በር ጥግ ነበር። 80 ኪሎ፣ ከኋላ ጎማው ወዲያ። ዳገት ላይ መሪው እንደሚቀለኝ አስተውዬ ነበር፣ ጎሚስታው ጋ ሁለቴ ሄጄ ጎማውን አሳይቻለሁ። ጀሪካኖቹን ከኋላ ጎማው ፊት፣ ወንበሩ ሥር አዛወርኳቸው። መሪው ወደ ልቡ ተመለሰ። በነፃ! ከዚህ ሁሉ ማሻሻያ ያስደሰተኝ ምንም ያልከፈልኩበት ነው።

ከዚያ አልጋውን ሳልነካ መሳቢያዎቹን ነቅዬ ጣልኩ። በአሮጌ የዋንዛ ሳንቃ ሁለት ጠባብ ሳጥኖች አሠራሁ፣ ከበፊቶቹ አጠር ያሉ። ስላይድ የሚባል የለም። እንጨት በእንጨት ላይ ነው የሚሄደው፣ ሐዲዱን ቅዳሜ ገበያ በገዛሁት ሰም እቀባዋለሁ። መጀመሪያ ይንቋረራል፣ ከዚያ ይለምዳል። ለመክፈት ትንሽ ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ከፊቱ የተራ በር መወርወሪያ አለው። መወርወሪያው እንዳይንኳኳና በራሱ እንዳይከፈት ደግሞ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ሁለት ጣት ስፋት ያለው ቁራጭ ቆርጬ ወጠርኩበት። ጎሚስታው ካላማዳሪያውን በነፃ ነው የሰጠኝ። ሳጥኑን ከጀርባ በኩል ከቆርቆሮው አራት ጣት አራቅኩት፣ ውሃው ሲወርድ እንዳያገኘው። ማታ አንዱን መስኮት ትንሽ ከፈት አድርጌ እተኛለሁ። ረዳቴ ያማርራል። ያማርር።

ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ሽንኩርት፣ ድንች በሳጥን አላስቀምጥም። በማዳበሪያ ከረጢትና በሸራ ቦርሳ አድርጌ በየስርቻው እወትፋለሁ። ይህን ከበቅሎው ሰው ነው የተማርኩት። ስልቻ የቦታውን መልክ ይይዛል፣ ሳጥን ግን ቦታውን በራሱ መልክ ካልሆነ አይቀበልም። በርበሬውን ደግሞ ባለ ጥርስ ክዳን ጠርሙስ ውስጥ ነው የማስገባው። የፕላስቲኩ ዕቃ ጎንደር ላይ ሲከደን ተራራ ላይ ይነፋና ክዳኑን ይገፋል። የዚያን ቀንም መሳቢያው ብቻውን ጥፋተኛ አልነበረም ይሆናል። ለእሱ ጥብቅና መቆሜ ገረመኝ።

ሰዎች ‹‹እኛም እናሠራ ወይ?›› ይሉኛል። ዛሬ ከጠየቃችሁኝ አዎ ነው መልሴ፣ ትናንት ከጎርጎራ ተመልሼ ደስ ብሎኛል። በጨነቁ ጠዋት ብትጠይቁኝ መኪናዋንም ጨምሬ እሸጥላችሁ ነበር። አልጋ አሠሩ። መሳቢያ ከፈለጋችሁ ግን ሱቅ ውስጥ በጣታችሁ አትግፉት። ሚኒባስ ላይ ጫኑትና አዘዞ ድረስ በፍጥነት ነድታችሁ ድንገት ፍሬን ያዙ። ካልተከፈተ ግዙት። ሻጩ እሺ ካላላችሁ መልሱን ነግሯችኋል።

አናጢውን ባለፈው ሳምንት ፒያሳ አገኘሁት። ‹‹ጋሼ፣ መሳቢያው እንዴት ነው?›› አለኝ፣ ፊቱ በርቶ። ስምንት ወር ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ልጁ ደግሞ ትሕትናው አያድርስ ነው። ‹‹ደህና ነው፣ እንጠቀምበታለን›› አልኩት።

አልዋሸሁም። ባለቤቴ ግቢው ጥግ ገለባ አንጥፋበት ዶሮዎቹ እንቁላል ይጥሉበታል። ጠጋ ብላችሁ ካሸተታችሁት አሁንም ያስነጥሳል።