ለዕረፍት መጥቶ ጥርስ ማስተከል፦ ከአዲስ አበባ ክሊኒክ የታዘብሁት

በምኖርበት ሜሪላንድ የጥርስ ኢንሹራንሴ በዓመት የሚከፍለው የተወሰነ ገንዘብ ብቻ በመሆኑ፣ ከታችኛው መንጋጋዬ የጎደለውን ጥርስ ለመተካት አዲስ አበባን መረጥሁ፤ በዚያው አጋጣሚ እናቴም ሙሉ ተነቃይ ጥርስ አሠራች። ሁለታችንም የታከምነው ቦሌ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ነው።

ሐኪሟ ራጁን ካየች በኋላ ኢምፕላንት እንዳላስብ በግልጽ ነገረችኝ። አጥንት ውስጥ የሚተከለው የታይታኒየም ብሎን ከአጥንቱ ጋር እስኪዋሐድ በአብዛኛው ከ3 እስከ 6 ወር ስለሚወስድ፣ የዕረፍት ጊዜ አይበቃውም። ውዱን ሕክምና መሸጥ ስትችል ይህን ማለቷ ለሙያዋ ያለኝን አክብሮት ጨምሮታል። በምትኩ የተሠራልኝ ብሪጅ ነው፤ ከክፍተቱ ግራና ቀኝ ያሉት ጥርሶች ዙሪያቸውን ተሞርደው ሽፋን ይለብሱና መሐል ያለውን ሰው ሠራሽ ጥርስ ተሸክመው ይይዛሉ። የተሞረደ ጥርስ ግን ተመልሶ አያድግም። የእኔዎቹ ቀድሞውኑ በሰፊው የተሞሉ ስለነበሩ ብዙም አልቆጨኝም፤ ጎንና ጎን ያሉት ጥርሶቹ ጤነኛ የሆኑለት ሰው ግን ታግሦ ኢምፕላንት ቢያስተክል ይሻላል ባይ ነኝ።

ልኬቱ ወደ ላብራቶሪ ከመላኩ በፊት ሐኪሟ ከወንበሩ አስነሥታ መስኮት አጠገብ አቆመችኝና የቀለም ናሙናዎቹን አንድ በአንድ ከጥርሴ ጋር አስተያየች፤ የክፍሉ መብራት ቀለም ያሳስታልና። የመጣው የዚርኮኒያ (ጠንካራ ነጭ የሴራሚክ ዓይነት) ብሪጅ ከሌሎቹ ጥርሶቼ አይለይም።

የእናቴ ጉዳይ የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅ ነበር። የላይኛው ተነቃይ ጥርስ ላንቃን ስለሚሸፍን ተስቦ ይጣበቃል፤ የታችኛው ግን የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ነው፣ ምላስም ያነሣዋል፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላም አጥንቱ ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ ይሄዳል። ሐኪሟ ይህን አስቀድማ አስረድታናለች። ድዷን ባቆሰላት ቁጥር ተመልሰን ስንሄድ፣ «እማማ፣ ግጥም አድርገው ይንከሱ» እያለች ባለ ቀለም ወረቀት በጥርሶቹ መሐል ታስገባለች፤ ቀለሙ ጎልቶ ያረፈበትን ቦታ በጥቂቱ ሞርዳ ደግሞ ታስነክሳታለች። እንጀራ ያለ ችግር ትበላለች፣ ቆሎ ግን ቀርቷል። ማታ አውልቃ ውኃ ውስጥ እንድታስቀምጠውም ተነግሯታል። እንዲህ ያለ ማስተካከያ ስለማይቀር፣ ወላጆቹን ለማሳከም ያሰበ ሰው ሥራውን አገር እንደገባ ቢያስጀምር እመክራለሁ።

ቅሬታዬ ከሕክምናው ይልቅ በአስተዳደሩ ላይ ነው። ዋጋው በቃል ብቻ ተነግሮን የላብራቶሪው ሒሳብ በኋላ ተጨመረበት፤ ራጁንና የተሠራበትን ቁስ የሚገልጽ ወረቀት ለማግኘትም ደጋግሜ መጠየቅ ነበረብኝ፣ ሜሪላንድ ያለው ሐኪሜ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ግን ይህንኑ ነው። በብሪጁ ሥር የሚገባው ጫፉ ጠንካራ የሆነ የጥርስ ክርም በክሊኒኩ አልነበረም፤ ምግብ የሚቀረው ደግሞ እዚያው ሥር ነውና ከውጭ የሚመጣ ሰው ይዞ ቢመጣ ይበጀዋል።