በጣና ዳር መንደሮች በሚሲዮን ክሊኒክ ያሳለፍኩት የበጎ ፈቃድ ሳምንት

ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግረን በዘጌ አቅራቢያ ባሉ መንደሮች በነርስነት ያገለገልኩበት የክርስቲያን ሚሲዮን ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ፣ የማንኛውም እምነት ተከታይን በመጣበት ተራ ያለ ክፍያ የሚያክም ነው። ከሁሉ የላቀው የዓይን ሕክምናው ነው፤ ትራኮማ የዓይንን ሽፋን ወደ ውስጥ አጥፎ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ ለዓይነ ስውርነት ስለሚዳርግ፣ ፀጉሩን ለዓመታት በወረንጦ ሲነቅሉ የኖሩ እናቶች በአጭር ቀዶ ሕክምና ከዚያ ሥቃይ ሲገላገሉ አይቻለሁ። በማግስቱ ፋሻቸው ሲነሣ እጄን ይዘው «ልጄ፣ መውጋቱን ተወኝ» ያሉኝን አዛውንት አልረሳቸውም። ቅር ያሰኘኝ በሐይቅ ውኃ ውስጥ ባሉ ጥገኛ ትሎች የሚይዘው የቢልሃርዚያ በሽታ መድኃኒት፣ ፕራዚኳንቴል፣ በአራተኛው ቀን ማለቁ ነው፤ ልጆች ሐይቁ ውስጥ በሚውሉበት አገር ይህ አስቀድሞ ሊታሰብበት ይገባ ነበር። አማርኛ የሚችሉ የጤና ባለሙያዎች ግን ሳያመነቱ እንዲመዘገቡ እመክራለሁ፤ ሕመምተኛው በአስተርጓሚ ፊት የሚሸሽገውን በገዛ ቋንቋው ይናገራልና።