ቂመኞቹ ድንኮች ከዘጠኝ ወር በኋላ

የድንክ ተዋጊ አሻንጉሊቶቼን ሳጥኖች የከፈትኩት ከዘጠኝ ወር በፊት ነው። የአክስቴ ልጅ ከአውሮፓ ሲመጣ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ድሬ ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ ታይዋንን ሙሉ ቀን ብትዞሩ አታገኙም (ለእንግዶች፦ ታይዋን ስል የድሬዳዋውን ገበያ ነው)። ዘጠኝ ወር ሙሉ ገጣጠምኩ፣ ቀባሁ፣ ሰበርኩ፣ መልሼ ለጠፍኩ፣ ደጋግሜ ተሸነፍኩ። አሁን አፌን ሞልቼ ማውራት እችላለሁ።

ለማያውቀው ላስረዳ። ዋርሃመር 40,000 የጠረጴዛ ላይ የጦርነት ጨዋታ ነው። የእንግሊዙ ጌምስ ወርክሾፕ እ.ኤ.አ. በ1987 ነው ያወጣው። ትንንሽ የፕላስቲክ ወታደሮች ትገዛላችሁ። ራሳችሁ ትገጣጥማላችሁ፣ ራሳችሁ ትቀባላችሁ፣ ከዚያ በሜትር እየለካችሁ በዳይስ ትዋጋላችሁ። ታሪኩ የሚሆነው ከዛሬ 38 ሺህ ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የሚመረጠው ጦር ብዙ ነው። እኔ የመረጥኩት ሊግስ ኦፍ ቮታን የሚባሉትን ነው። ድንኮቹን።

ድንኮቹ ጨዋታው ሲወለድ ነበሩ። ያኔ ስማቸው ስኳት ነበር። አጭር፣ ጢማም፣ ማሽን ወዳድ። ባለሶስት እግር ሞተር ሁሉ ይነዱ ነበር። ባጃጅ ማለት እኮ ነው! ለድሬ ልጅ ከዚህ በላይ ምን ይምጣለት? ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዝም ተብለው ተተዉ። አዲስ አሻንጉሊት የለም፣ አዲስ ህግ የለም። ቆይቶ ደግሞ ታይራኒድ የሚባሉት የጠፈር አውሬዎች ጠራርገው በሏቸው ተባለ። ከጨዋታው ነዳፊዎች አንዱ ጀርቪስ ጆንሰን በኋላ እንዳስረዳው፣ የተተዉት ገበያ አጥተው አይደለም። የተረቱን ድንክ ወደ ጠፈር ሲያመጡት ክብር ሰጥተው ሳይሆን ቀልድ አድርገው እንዳመጡት ስለተሰማቸው ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2022 ተመልሰው እንደሚመጡ ተነገረ። ፈረንጅ ውሸት የሚፈቅድበት ቀን ነውና ብዙ ሰው ቀልድ መሰለው። እውነት ነበር። በዚያው ዓመት መጽሐፋቸውም ጦራቸውም ወጣ።

እኔን የገዛኝ አመላለሳቸው ነው። የድሮውን አቧራውን አራግፈው አላመጡትም። የአሁኖቹ በማሽን የሚፈጠሩ ሰዎች ናቸው፤ ራሳቸውን «ኪን» ይላሉ፣ ዘመዳሞች እንደማለት። ቮታን የሚሏቸው ደግሞ የዘር ማንዘራቸውን ዕውቀት የያዙ፣ አርጅተው መልስ ለመስጠት ዘመን የሚፈጅባቸው ኮምፒውተሮች ናቸው። አያት በሉት። ሮቦቶቻቸውንም እንደ ዕቃ አያዩም፣ ከቤተሰብ ይቆጥራሉ። ሞተሩም ጎማው ወልቆ መሬት ሳይነካ የሚንሳፈፍ ሆኗል። ባጃጁ በመቅረቱ ትንሽ ከፍቶኛል፣ አልዋሽም። ከድሮው የቀረው ቁመቱ፣ ግትርነቱ፣ የእጅ ሙያውና ቂሙ ነው። እሱ ደግሞ ይበቃል።

ወደ ዕቃው። ያለኝ 20 ሃርዝኪን ተዋጊ፣ ሶስት ሄርንኪን ባለሞተር እና አንድ ሄካቶን የሚባል ግዙፍ ተሽከርካሪ ነው። ሄካቶኑ ሲኖትራክ ነው በቃ፤ መንገድ ሲያይ የማይለቅ። ፕላስቲኩ ጥሩ ነው፣ መጋጠሚያው ልክክ ይላል። ከሃርዝኪኖቹ ጋር የሚመጣው ጭንቅላት ብዙ ነው፤ ወንድም ሴትም፣ ባለቆብም ያለቆብም። የፕላስቲክ ፍርግርጉን የቆረጥኩት በጥፍር መቁረጫ ነው። የተረፈውን ጠርዝ በምላጭ ፋቅኩ። ልዩ መሳሪያ ካልገዛችሁ አይሆንም የሚሏችሁን አትስሙ።

ቀለሙ ላይ ግን ድሬ ቀጣችኝ። መጀመሪያ የሚነፋውን መነሻ ቀለም ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጣሪያ ወጥቼ ነፋሁት። ሰው ሁሉ በር ዘግቶ በተኛበት ሰዓት፣ እንደ እብድ። ቀለሙ አሻንጉሊቱ ላይ ሳይደርስ አየር ላይ እየደረቀ ዱቄት ሆኖ አረፈ። አምስቱ ሃርዝኪን ሽሮ የተነሰነሰባቸው መሰሉ። በጣቴ ስነካቸው አሸዋ ወረቀት! አጥቤ፣ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍጌ እንደገና ጀመርኩ። አሁን የምነፋው ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ነፋስ ሳይነሳ፣ ከቀረብ ብዬ ነው። የብሩሹ ቀለምም ብሩሹ ላይ ይደርቅባችኋል። መፍትሄው ቀላል ነው፦ የምሳ ዕቃ ክዳን ላይ እርጥብ ስፖንጅ፣ ከላዩ የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት። ቀለሙ እዚያ ላይ ሰዓታት ይቆያል።

እግራቸው ስር ያለው አሸዋ ከደቻቱ ነው። ወንዙ ሲደርቅ ወርጄ በጣሳ አመጣሁ፣ በእማዬ ወንፊት ነፋሁት (አታውቅም)፣ በነጭ ኮላ ለጠፍኩት። ምንም ቀለም አልጨመርኩበትም። በኢንተርኔት የሚሸጠውን «የማርስ አሸዋ» አይቻለሁ። ደቻቱ ይበልጠዋል።

አንድ ቀን ጦሩን በጫማ ካርቶን ይዤ ከሳቢያን ከዚራ በባጃጅ ስሄድ ሶስት ጠመንጃና አንድ አንቴና ተሰበረ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ በኮብልስቶን ላይ ካርቶን ምን ሊያደርግ? ከዚያ በኋላ የተበላሹ የጆሮ ማዳመጫዎችን ከታይዋን በርካሽ ሰብስቤ ማግኔታቸውን አወጣሁ። እያንዳንዱ ወታደር ስር አንድ አንድ ለጠፍኩ። አሁን የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ቀጥ ብለው ቆመው ይሄዳሉ። ከዚያ ወዲህ አንድም አልተሰበረም።

አጨዋወታቸው። እኛ ያለነው አራት ነን፤ የምንጫወተው ማታ፣ ሙቀቱ ሲበርድ፣ አናጢ በቆረጠልን ኮምፔንሳቶ ላይ። ልኩ 112 በ152 ሴንቲ ሜትር ነው። የምንጠቀመው በ2023 አዲሱ እትም ሲወጣ በነጻ የተለቀቀውን ህግ ነው፤ ከዚያ በኋላ የመጣውን ገና አልነካነውም። ድንኮቹ ዘገምተኛ ናቸው። አንድ ሃርዝኪን በአንድ ተራ አምስት ኢንች ብቻ ይሄዳል፤ ስፔስ ማሪን የሚባለው የሌላ ጦር ወታደር ስድስት። አንድ ኢንች ምን አላት አትበሉ። የምትፈልጉት ቦታ ላይ ሁልጊዜ አንድ ተራ ዘግይታችሁ ነው የምትደርሱት። በዚያ ላይ እንደ ሌሎቹ ብዙ ዓይነት ወታደር የላቸውም፤ እንደ አዲስ የተነሳ ጦር ምርጫቸው ጠባብ ነው። ከሶስት ወር በኋላ ጓደኞቼ ምን እንደማሰልፍ ሳያዩ ይነግሩኝ ጀመር።

ግን ቂሙ! ከጦራችሁ አንዱን ቡድን የደመሰሰ ጠላት ላይ የፍርድ ምልክት ይቀመጥበታል። አንድ ምልክት ያለበትን ስትተኩሱበት ለመምታት የምትጥሉት ዳይስ ላይ አንድ ይጨመርላችኋል። ሁለት ካለበት ለማቁሰልም ይጨመራል። እኛ ምልክቱን የሐረር ቢራ ቆርኪ አደረግነው። ባለፈው ወር ጓደኛዬ ኦርክ በሚባለው ጦሩ አለቃ ሶስቱን ባለሞተሮቼን በአንድ ተራ ጨረሰና «አቦ፣ ድንኮችህ አለቁ እኮ!» ብሎ ሳቀ። ጨዋታው ሲጀመር አንድ ቆርኪ አስቀምጬበት ስለነበር ሁለተኛውን አጠገቡ አኖርኩ። ምንም አላልኩም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት የሚባለው ለሌላ ነው፤ እነዚህ ቂማቸውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ነው የሚያሳዩት። በሚቀጥለው ተራ አስሩ ሃርዝኪንና ሄካቶኑ እሱን ብቻ ተኮሱ። አለቃው ወደቀ። ጨዋታውን ግን ተሸነፍኩ፣ ምክንያቱም መያዝ የነበረብኝ ቦታ ላይ አልደረስኩም። ባጠቃላይ ካሸነፍኩት የተሸነፍኩት ይበዛል። ማሸነፍ ብቻ የሚያስደስታችሁ ከሆነ ሌላ ጦር ፈልጉ። ብድር መመለስ የሚያስደስታችሁ ከሆነ ግን፣ ወላሂ፣ እነዚህን የሚያህል የለም።

ቀለማቸው ሰማያዊ ቱታ ነው። ሳጥኑ ላይ እንዲህ የለም። አያቴ (አባባ የምላቸው) ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰሩት በምድር ባቡር ጋራዥ ነው። የድሮው ሐዲድ ድሬ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1902 ነው፤ ከተማዋንም የወለዳት እሱ ነው። አሁን አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማ ወጣ ብሎ ያልፋል፣ ሐዲዱም ሰፊ ነው፣ የድሮው አንድ ሜትር ብቻ ነበር። አባባ ስለ ሁለቱ ሲጠየቁ «ያ ሌላ፣ ይሄ ሌላ» ይላሉ፤ ከዚያ በላይ አይጨምሩም።

አንድ ማታ መነጽራቸውን አድርገው አንዱን ሃርዝኪን አንስተው ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩት።

«ይሄ ሰራተኛ ነው?» አሉኝ።

«አዎ አባባ። ወታደርም ነው።»

«ታዲያ ቱታው ኪስ የለውም። መፍቻውን የት ሊያስቀምጥ ነው?»

መልስ አጣሁ። በማግስቱ በስቴኪኒ ጫፍ፣ ጠቆር ባለ ሰማያዊ፣ ቀኝ ጭኑ ላይ ትንሽ አራት ማዕዘን ሳልኩ። ወስጄ አሳየኋቸው። «የግራውስ?» አሉ። እስካሁን አስራ አራቱ ባለሁለት ኪስ ሆነዋል። ስድስት ቀርተውኛል።