ጀርመን ሸፐርድ ወይስ ሮትዋይለር?

ግቢያችን ሌባ ከገባ በኋላ ትልቅ ውሻ ይገዛ ተባለ። እኔ ሸፐርድ አልኩ፣ ወንድሜ ሮትዋይለር። ስንጨቃጨቅ ከርመን የእኔ አሸነፈ፤ እሱም አኩርፎ ለራሱ ቤት ሮትዋይለሩን ገዛ። ስለዚህ ሁለቱንም አይቻቸዋለሁ።

ሸፐርዱ ነገር ቶሎ ይገባዋል። «ና»፣ «ተቀመጥ»፣ «ተው» የሚሉትን በሳምንት ለመደ። ችግሩ ፀጉሩ! ምንጣፍ ላይ፣ ነጠላ ላይ፣ አንዴማ የቡና ስኒ ውስጥ አግኝቼዋለሁ። ታስሮ ከዋለ ደግሞ ሌሊቱን ሲያላዝን ያድራል፣ ጎረቤት ይቀየመናል።

ሮትዋይለሩ ዝምተኛ ነው፣ ዝም ብሎ አይጮህም። ግን ወንዱ እስከ 60 ኪሎ ስለሚደርስ ሽርሽር ስትወጡ የሚጎተተው ውሻው ሳይሆን ገመዱን የያዘው ሰው ነው። ሆዱስ? በዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ከቤት የሚተርፍ ሥጋ የለም፣ የሰፈሩ ሥጋ ቤትም ይዘጋል፤ ወንድሜ አጥንት ፍለጋ ሲንከራተት ነው የከረመው።

ሻጭ «ንጹሕ ዘር ነው» ሲላችሁ እናቱን አሳየኝ በሉት። የእኛው ሰውዬ «ክፍለ ሀገር ናት» አለን፣ እኛም አመንን። አካሄዱንም እዩ፣ ሁለቱም ዝርያ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ያጠቃቸዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ደግሞ እንዳትረሱ።

ለእኔ ሸፐርድ፣ ከነፀጉሩ።