ሐዋሳ ስትሄዱ ብራችሁን እነዚህ ቤቶች ጋ አውጡት

ከውጭ ለእረፍት የሚመጣ ሰው የሚጠይቀው ያው ነው። የት ልረፍ? የት ልብላ? ማን ያድርሰኝ? ሐዋሳ ያደግኩባት ከተማ ብትሆንም ከዓመታት በኋላ ስመለስ እኔም ይህንኑ እየጠየቅኩ ገባሁ። አሁን የተገለገልኩባቸውን ቤቶች እንዳየኋቸው ልጻፍላችሁ። አንድ መለኪያ ግን ጨምሬአለሁ። ምግቡና አልጋው እንዴት ነው ከማለቴ ጋር፣ ይህ ቤት ለሰፈሩ ምን ያደርጋል ብዬም ጠይቄአለሁ።

ስለ መንገዱ ብዙ አልልም። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከሞጆ ወደ ደቡብ የተሠራው የፍጥነት መንገድ ጉዞውን ያሳጥረዋል። ቀን ተጓዙ።

ያረፍኩት ከፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ የቤተሰብ ፔንሲዮን ነው። ክፍሉ ጠበብ ይላል። አንሶላው ግን ፀዓዳ ነው፣ ሻወሩም ሙቅ ውሃ አለው። ዋይፋዩ ማታ ማታ ይደክማል፣ ሥራ ይዛችሁ ከመጣችሁ የሞባይል ዳታ ግዙ። ቁርስ ላይ ፍርፍርና እንቁላል አለ፣ ቡናው ከጀበና ነው። በዋጋውም አልተማረርኩም።

ይህን ቤት የወደድኩት ግን በሌላ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ማታ መብራት ጠፋ። ጄነሬተሩ ሲነሳ በሩ ተንኳኳ፣ ደብተር የያዙ ልጆች ተከታትለው ገቡ። የሰፈሩ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ከራት በኋላ የቁርስ አዳራሹ የእነሱ ነው። እስከ አራት ሰዓት ያጠናሉ፣ በመሀል ሻይ ይመጣላቸዋል። አንድም ቀን ድምፃቸው እንቅልፍ አልነሳኝም። ባለቤቷን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ስለ ልጆቹ ስጠይቃቸው፣ "ነዳጁን ለእንግዳ ብዬ ማቃጠሌ አይቀርም። ብርሃኑ ለእነሱም ቢደርስ ምን ይጎድልብኛል?" አሉኝ።

ነገሩ ትልቅ የሚሆነው የፈተናውን ሁኔታ ስናስታውስ ነው። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 5.4 በመቶ ነው የሆነው። ቤቱ መብራት ለሌለው ልጅ፣ አምስት ታናናሾቹ ባንድ ክፍል ለሚንጫጩበት ልጅ፣ በሳምንት ጥቂት ጸጥ ያሉ ማታዎች ብዙ ናቸው። እትዬ ለዚህ ብለው የተለየ ወጪ አላወጡም። ያላቸውን አዳራሽና ያላቸውን ብርሃን ነው የከፈቱት። ደግሞም ዘወትር ነው። በዓል ሲመጣ ብቻ አይደለም።

ወደ ሐይቁ እንሂድ። የሐይቁ ዳር የዓሣ ገበያ አሞራ ገደል በጠዋት ካልሄዳችሁ አልሄዳችሁም። ጀልባዎቹ ሌሊት የያዙትን ይዘው ይመጣሉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቁልቁል እያዩ ተራቸውን ይጠብቃሉ፣ ጦጣዎቹ እጃችሁ ላይ ያለውን ይነጥቃሉ። ከዓሣው ቆሮሶ አለ፣ አምባዛ አለ። እኔ ተጠብሶ ከዳጣ ጋር ነው የምወደው፣ ሾርባውም እንዳያመልጣችሁ።

አንዲት ሴት የምታስተዳድራት አነስተኛ ምግብ ቤት ጋ ተመላለስኩ። ወንበሩ አይመችም፣ ሰዓቱ ሲገፋ ወረፋው ይረዝማል። ዓሣው ግን ከመረብ በወጣ በሰዓቱ ነው ዘይት የሚገባው። ለሾርባ የሚሆነውን ጭንቅላትና አጥንት ጠዋት በትልቅ ድስት ትጥዳለች። ገበያው ከመሟሟቁ በፊት ደጁ ላይ የሚያድሩት ልጆች እጃቸውን ታጥበው አንድ አንድ ሳህን ይጠጣሉ፣ ከዳቦ ጋር። ማንም ፎቶ አያነሳቸውም። "አስቀድሜ ነው የምሰጣቸው፣ የተረፈ አልሰጥም" አለችኝ። ከዚህች ሴት የሰማሁትን ያህል ክብር ያለው ንግግር በዚህ ጉዞ አልሰማሁም።

ሌላም ነገር ታደርጋለች። በጠባብ መረብ የተያዘ፣ ገና ያላደገ ቆሮሶ አትገዛም። ርካሽ ቢሆንም አትገዛም። የሐይቁ ቆሮሶ ከልክ በላይ በመጠመዱ እያነሰ መምጣቱን አጥማጆቹ ራሳቸው ይናገራሉ። ትንሹ ካልተሸጠ ለመያዝ የሚደክም አይኖርም ትላለች። ሌሎቹም ምግብ ቤቶች እንዲህ ቢያደርጉ ምንኛ ጥሩ ነበር።

ስለ ሐይቁ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የከተማው ንግድ ሁሉ በእሱ ነው የሚኖረው። ሐዋሳ ሐይቅ ከጥቁር ውሃ ወንዝ ውሃ ይገባለታል፣ የሚወጣለት ወንዝ ግን የለውም። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የወደቀበት ፌስታል፣ የተለቀቀበት ፍሳሽ፣ ታጥቦ የሚሄድበት መንገድ የለም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ፍሳሹን ወደ ውጭ ሳይለቅ አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምበት ማጣሪያ ተተክሎለታል። ትልቁ ይህን ካደረገ የዳርቻው ቡና ቤትና ሆቴል ቆሻሻውን ወዴት እንደሚያደርስ መጠየቅ የእኛም የደንበኞቹ መብት ነው። እኔ በገባሁበት ሁሉ ጠይቄአለሁ። አንዳንዱ በደስታ አሳየኝ፣ አንዳንዱ ፊቱን አዞረ።

ጀልባ የሚነዱት ወጣቶች ተደራጅተው የሚሠሩ ናቸው። ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ። እኔን የወሰደኝ ልጅ ሕይወት አድን ጃኬት ካላጠለቅሽ አልነሳም አለኝ፣ ጉማሬዎቹንም ከሩቅ ነው ያሳየኝ። ይህን እንደ ጥሩ አገልግሎት ቁጠሩለት። ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ባንድ ላይ ዳርቻውን እየዞሩ ሃይላንድና ፌስታል ይለቅማሉ። እኔ በሄድኩበት ቅዳሜ ሁለት የዳር ካፌዎች ጓንትና ጆንያ አቅርበው፣ ሲጨርሱ ቁርስ አብልተዋቸዋል። እንዲህ ዓይነት ካፌ ሳገኝ ማኪያቶዬን እዚያው ነው የምጠጣው።

ባጃጅ እንደ ድሮው ነው፣ ርካሽም ፈጣንም። ሰፈራችንን የሚያመላልሱት ሹፌሮች መሀል አንድ ስምምነት አላቸው። ሌሊት ምጥ ለያዛት ሴት ከተጠሩ ሐኪም ቤት ያደርሷታል፣ ሒሳብ አይቀበሉም። የነዳጅ ሰልፍ ላይ ግማሽ ቀን የሚያባክን ሰው ይህን ሲያደርግ ከልቡ ነው።

ያልወደድኩትንም ልናገር። ከዘመዶቼ ጋር ራት የበላንበት አንድ ትልቅ ሆቴል መግቢያው ላይ ትልቅ ባነር ሰቅሏል። ዘይትና ዱቄት ለችግረኞች ሲያስረክቡ የተነሱት ፎቶ ነው። እርዳታው ጥሩ ነው፣ የተቀበለው ሰው በልቶበታል። ግን ሒሳቡ ላይ ከቫት ሌላ 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተጨምሮ ነበር። አስተናጋጇን ይሄ ለእናንተ ይደርሳል ወይ ብዬ ቀስ ብዬ ጠየቅኳት። አንገቷን ነቀነቀች፣ አይደርስም ለማለት። አገራችን ውስጥ ለግል ድርጅት ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ቢፈቅድም ወለሉ እስካሁን አልተቀመጠም። ስለዚህ ያ 10 በመቶ ቢደርሳት ለልጅቷ የቤት ኪራይ ነበር። የራሱን ሠራተኛ ያላጠገበ ቤት ለከተማው ሰጠሁ ሲል እኔን አያሳምነኝም። ጉርሻዬን በእጇ ሰጥቻት ወጣሁ፣ ሁለተኛም አልተመለስኩም።

ከሕጉም አንድ ነገር አለ። የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች የተሰጠ ስጦታ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ 10 በመቶ ድረስ እንዲቀነስ ይፈቅዳል። ደረሰኝና ሒሳብ ሹም ያለው ትልቅ ድርጅት ይጠቀምበታል፣ ይጠቀምበትም። የእትዬ ሻይና የዓሣ ቤቷ ሾርባ ግን በየትኛውም ደረሰኝ ላይ አይገቡም። የሚከፍላቸው ሰው ቢኖር እኛ ደንበኞቹ ነን።

በመጨረሻ የማነሳው ልብስ ሰፊዬን ነው። ቀሚስ አሰፋሁ፣ ባለችው ቀን አደረሰችልኝ። ለአገራችን ልብስ ሰፊ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ስፌቱ ጠንካራ ነው፣ ወገቡን ብቻ አንዴ አስተካክላልኛለች። ሱቋ ጥግ ላይ በቀለም በቀለም የተለየ ቁርጥራጭ ጨርቅ አየሁ። ከእሱ እየታጠበ የሚደጋገም ሞዴስ ትሰፋለች፣ አቅራቢያዋ ላለ ትምህርት ቤት ሴት ተማሪዎች በነፃ። ሞዴስ መግዛት ያልቻለች ልጅ በወር ጥቂት ቀን ከክፍል ትቀራለች፣ ከቀረች ደግሞ ትምህርቱ ያልፋታል። ሰልጣኞቿም ስፌት የሚለምዱት በእሱ ነው፣ ቢበላሽም ቁርጥራጭ ስለሆነ ብዙ አይጎዳም። ሁለት ሴቶች ከእሷ ጋር ተምረው የራሳቸውን ማሽን ገዝተዋል።

ስሰናበታት ከውጭ ጨርቅ ልላክልሽ ወይ አልኳት። እኩያዬ ናት፣ በግልጽ ነው የምታወራኝ። "ጨርቅ አትላኪልኝ፣ ልብስ እዘዢኝ" አለች። "ትዕዛዝ ሲበዛ ቁርጥራጩም ይበዛል።" የእህቴ ልጅ ሰርግ ጥር ላይ ነው። የሚዜዎቹን ልክ ሰብስበን በቴሌግራም ልከንላታል፣ ቀብዱንም ተቀብላለች።