ማይዲያ ዩ፦ ለወበቅ የተገዛ የመስኮት ኤሲ፣ ውሃውስ የት ይሄዳል?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አሮጌ ቤቶች ውስጥ ወበቁ ሲጀምር ማዕከላዊ ኤሲ ለሌለው ክፍል ምን ይገጠም የሚለው ጥያቄ ይነሳል። ማይዲያ ዩ ከ2020 ጀምሮ ብዙ ሰው የመረጠው መልስ ነው። ስሙ የመጣው የላቲኑን ዩ (U) ፊደል ከሚመስለው ቅርጹ ነው። የማሽኑ መሐል ክፍት ስለሆነ የመስኮቱ መስታወት በዚያ ክፍተት ወርዶ ይዘጋል፤ የሚጮኸው ኮምፕሬሰርም ከመስታወቱ ውጭ ይቀራል። ይህ ትንሽ የሚመስል ብልሃት ድምፁን ምን ያህል እንደቀነሰው የሚገባው አሮጌ የመስኮት ኤሲ አጠገብ ተኝቶ ለሚያውቅ ሰው ነው።

ኮምፕሬሰሩ ኢንቨርተር ነው። እንደ ድሮዎቹ ገጭ ብሎ ተነስቶ ገጭ ብሎ አይጠፋም፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ሲሞቅ ይጨምራል። የመብራት ቁጠባ መለኪያው፣ ሲኢኢአር የሚባለው፣ 15 አካባቢ ነው። ባለ 8,000 ቢቲዩው (ቢቲዩ የማቀዝቀዝ ኃይል መለኪያ ነው) በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ 530 ዋት ገደማ ይወስዳል ማለት ነው፤ መለኪያው 11 የሆነ ተራ ኤሲ ለዚያው ሥራ ከ720 ዋት በላይ ይበላል። በድምፅና በመብራት ቆጣሪ ብቻ ብንፈርድ በዋጋው ክልል የሚወዳደረው ጥቂት ነው።

ችግሩ ያለው ውሃው ላይ ነው። ሰኔ 2025 ላይ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን 1.7 ሚሊዮን ያህል የዩ እና ዩ ፕላስ ማሽኖች ለማስተካከያ እንዲጠሩ (ሪኮል) አስታወቀ። ምክንያቱ ውስጣቸው የተጠራቀመ ውሃ ቶሎ ስለማይወርድ ሻጋታ ማብቀሉ ነበር። ጥሪው ከመጋቢት 2020 እስከ ግንቦት 2025 የተሸጡትን ይመለከታል፤ በሌላ ስም የተሸጡም ስላሉበት ፊት ለፊት ያለውን ስም አይታችሁ የእኔ አይደለም አትበሉ።

ውሃ ውስጡ መቆየቱ ራሱ እንግዳ ነገር አይደለም። አብዛኞቹ የመስኮት ኤሲዎች ከአየሩ የጨመቁትን ውሃ ሁሉ አይደፉም። ከኋላ ያለው ማራገቢያ ከሥሩ የተኛውን ውሃ እያነሳ በጋለው የውጭ ኮይል (ሙቀቱን የሚያስወጣው የተጠማዘዘ ቱቦ) ላይ ይረጨዋል፤ ውሃው ሲተን ኮይሉ ይቀዘቅዛል፣ መብራትም ይቆጠባል። ውስጡ ጭልጭል የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ይኸው ነው፣ አትደንግጡ። በደረቅ አገር ውሃው ተንኖ ያልቃል። እዚህ ግን ሐምሌ ላይ የውጭው አየር ራሱ በውሃ የጠገበ ስለሆነ የሚወጣው ውሃ ከሚተነው ይበልጣል። ጨለማ፣ እርጥበትና አቧራ በአንድ ላይ ሲገናኙ ለሻጋታ ሌላ ምን ያስፈልገዋል?

ስለዚህ ከሁሉ በፊት የሚታየው አገጣጠሙ ነው። ማሽኑ ወደ ውጭ ትንሽ መዘንበል አለበት። ውሃ ልክ ከፊት ወደ ኋላ አስቀምጡበት፤ አረፋው ከመሐል ሩብ ያህል ወደ ቤት ውስጥ ከተጠጋ ልኩ ነው። ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ ውሃው ይተኛል፣ ወደ ውስጥ ካዘነበለ ደግሞ ግድግዳችሁን ያጠጣዋል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣውን ድጋፍ ብረት ትቶ በመጽሐፍና በእንጨት ቁራጭ መደገፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ ውሎ ሲያድር ይሰምጥና ዝንባሌው ይጠፋል።

ኃይሉን በተመለከተ፣ ትልቁ ይሻላል የሚለው ሐሳብ በወበቅ አገር ይጎዳል። ለ300 እስከ 350 ስኩዌር ፊት ክፍል 8,000 ቢቲዩ ይበቃል፤ ለ450 እስከ 550 ደግሞ 12,000። ወጥ ቤት ከሆነ 4,000 ይጨመራል፣ ከሁለት ሰው በላይ ለሚውልበት ክፍል ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰው 600። ከዚያ በላይ የገዛ ሰው ክፍሉን በአጭር ጊዜ ያቀዘቅዘዋል፤ ማሽኑ ግን እርጥበቱን ሳይጨርስ ይተኛል። ቀዝቃዛ ግን አንሶላው የሚጣበቅ ክፍል የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

ኢንቨርተሩም የራሱ ጣጣ አለው። አየር ውሃውን የሚለቀው እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ብርጭቆ ላብ ነው፤ በቤት በኩል ያለው ቀዝቃዛው ኮይል በቂ ካልቀዘቀዘ አያልበውም። 75 ፋራናይት ሆኖ እርጥበቱ 60 በመቶ በሆነ ክፍል ኮይሉ ከ60 ፋራናይት በታች መውረድ አለበት። ኢኮ በሚለው አሠራር ኮምፕሬሰሩ ሲለዝብ ኮይሉ ወደዚያ ወሰን ይጠጋል፤ ማራገቢያው ብቻ ሲዞር ደግሞ ያወጣውን ውሃ መልሶ ወደ ክፍሉ ይነፋዋል። ዝናብ ዘንቦ ሙቀቱ ሳይበዛ በሚጨንቅ ሌሊት ድራይ የሚለውን ምረጡ ወይም ማራገቢያውን ወደ ዝቅተኛ አውርዱት። ከ10 እስከ 15 ዶላር የሚሸጥ እርጥበት መለኪያ ግዙና 50 በመቶ አካባቢ ለማቆየት ሞክሩ፤ ከ60 ካለፈ ሻጋታ ቤት አገኘ።

እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ሌላ ስሌት አለው። አክምባሎው በተነሳ ቁጥር ቡፍ የሚለው እንፋሎት መስኮት ዝግ ከሆነ መድረሻው ኤሲው ኮይል ላይ ነው። ከምድጃው በላይ ያለው አየር መሳቢያ ወደ ውጭ የሚያወጣ ከሆነ ከመጀመሪያው እንጀራ እስከ መጨረሻው ይሥራ፤ መልሶ ወደ ቤት የሚነፋው ዓይነት ለእንፋሎት አይረዳም። 1,500 ዋት የተጻፈበት ምጣድና ኤሲው በአንድ ባለ 15 አምፔር ብሬከር ላይ ከሆኑም ከ1,800 ዋት ስለሚያልፉ ብሬከሩ ይወርዳል። ማራዘሚያ ገመድ መፍትሔ አይደለም፤ ለኤሲ ጭራሽ አይሞከር።

የቁሌቱ ቅባት ደግሞ ማጣሪያው ላይ ተጣብቆ አቧራ ይይዛል። ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ሳሙና እጠቡት፤ ሳይደርቅ አትመልሱት። በወር አንድ ጊዜ ሶኬቱን ነቅላችሁ በባትሪ መብራት አየሩ በሚወጣበት ወንፊት በኩል ወደ ውስጥ ተመልከቱ። እዚያ ያለው ረጅሙ ሲሊንደር ማራገቢያ ቢላዎቹ ላይ እንደ ጥቁር አዝሙድ የተበተነ ነጠብጣብ ካለ ሻጋታ ነው፤ ማጣሪያ ማጠብ ብቻውን አያጠፋውም፣ ማሽኑ ተፈትቶ መታጠብ አለበት። በረኪና ግን የኮይሉን አሉሚኒየም ይበላዋል፣ አትጠቀሙ።

እንግዲህ ልግዛው ወይ ለሚል፦ የውሃ ማፍሰሻው ማስተካከያ የተደረገለትን አዎ፤ በተለይ ለመኝታ ቤት። ለቤዝመንት ግን አልመክርም። እዚያ ያለው ችግር ሙቀት ሳይሆን እርጥበት ነውና ገንዘቡ በቱቦ ወደ ፍሳሽ ለሚያፈስ እርጥበት መጣጭ ማሽን ይሻላል። እሱን ስትገዙ የ2019 የመለኪያ ለውጥን አስታውሱ፤ ዛሬ 50 ፓይንት (በቀን የሚመጥጠው ውሃ መጠን) የሚባለው ድሮ 70 ይባል የነበረው ነው፣ ስለዚህ ያነሰ አይምሰላችሁ።

የተጠራው ማሽን በእጃችሁ ካለ ሁለት መንገድ አለ፦ ነፃ ጥገና ወይም እንደ ዕድሜው የሚሰላ ገንዘብ። ጥገናው አዲስ የማፍሰሻ መድፈኛ መግጠም ነው፤ እንደ ሞዴሉ ባለሙያ ይመጣል ወይም ዕቃው በፖስታ ይላካል። አሮጌ የሚሸጥ ካገኛችሁ የሞዴልና የሴሪያል ቁጥሩን ፎቶ ጠይቁና ከጥሪው ዝርዝር ጋር አስተያዩ፤ የተጠራ ዕቃ ሳይስተካከል መሸጥ በአሜሪካ ሕግ ክልክል ነው። በመኪና ተጋድሞ ከመጣም አቁማችሁ 24 ሰዓት ሳይሞላው አትሰኩት፤ የኮምፕሬሰሩ ዘይት ወደ ቦታው መመለስ አለበት።