ብዙነሽ በቀለን ወደ ድምጿ የመለሰልኝ የአዳማ ጥገና ቤት

ቤታችሁ የቆየ ሸክላ ካለ፣ ማጫወቻውም ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

አጎቴ ትቶልን ያለፈው ሸክላ አብዛኛው ትንሹ፣ ባለ 45 ዙሩ ነው። ብዙነሽ በቀለ አለች፣ ዓለማየሁ እሸቴ አለ። የሙዚቃ አሳታሚዎቹ የአምሃ ሪከርድስም የካይፋም ምልክት ያለባቸው አሉ። አምሃ እሸቴ ማሳተም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው፤ የመጀመሪያ ሥራውም የዓለማየሁ ነበር። ካሴት ገበያውን እስኪወስደው ድረስ ዘፈን ገዝቶ ቤት ማስገባት ማለት እነዚህን መግዛት ነበር። አንዱ ገጽ የሚይዘው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ረዘም ያለው ዘፈን ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ከጀርባ ይቀጥላል። ተነስቶ መገልበጡን እኔ በጣም እወደዋለሁ።

ማጫወቻውን እህቴ ከአሜሪካ ላከችልን። ባለ 110 ቮልት ስለሆነ ትራንስፎርመር ገዛን። ዞረ። ግን ብዙነሽ የወንድ ድምፅ አወጣች፤ ዘፈኑም ይጎተታል። አንድ ጥገና ቤት «ሸክላው አርጅቶ ነው» ብሎ መለሰኝ። ሌላው ላስቲኩን ቀይሮ ብሩን ተቀበለ፤ ምንም ለውጥ የለም። የሚያናድደው፣ ሸክላው ምንም አልሆነም ነበር።

አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ ጥገና ቤት ያላቸው ጋሼ ግን ገና ከማሽኑ ጀርባ የተለጠፈውን አንብበው፣ «ልጄ፣ ይሄ እኮ የ60 ሄርዝ ነው» አሉኝ። ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀንሳል እንጂ ሄርዙን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አይነካውም። የእኛ መብራት 50 ሄርዝ ነው፣ የአሜሪካው 60። እንዲህ ያለው ሞተር ደግሞ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከዚያው ከሄርዙ ነው። ስለዚህ በደቂቃ 45 ጊዜ መዞር ያለበት ሸክላ 37 ተኩል ብቻ ይዞራል። ድምፁ የወፈረው ለዚህ ነው።

መፍትሔያቸው በጣም ደስ ይላል። ሞተሩ ጫፍ ላይ ላስቲኩ የሚያርፍባት ትንሽ ፑሊ አለች። ሁለት ደረጃ አላት፣ አንዱ ለ33፣ አንዱ ለ45። እሷን ለክተው፣ ቶርኖ ቤት ወስደው፣ በአንድ አምስተኛ የወፈረች አዲስ የናስ ፑሊ አስወጡ። ሥራቸውን ያረጋገጡበትም መንገድ ገርሞኛል። ዙሪያውን ጥቁር መስመር የታተመበት ክብ ወረቀት ማሽኑ ላይ አስቀምጠው፣ በድሮው ፍሎረሰንት መብራት ሥር አዞሩት። ፍጥነቱ ልክ ሲሆን መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። ቆሙ።

ከዚያ የእኔን ሸክላ አስቀመጡ። ብዙነሽ መጣች! ያ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ ከሳክስፎኖቹ በላይ ቀጥ ብሎ የሚወጣ ድምፅ። ማታ ቤት ስከፍተው እማዬ ሽንኩርቱን ትታ ከጓዳ ወጣች። «ይቺማ ራሷ ናት» አለች። ኢንተርኔት ላይ ያው ዘፈን አለ፣ አውቃለሁ። ግን ባሱ እንዲህ ደረት ላይ አያርፍም።

ዋጋውን ልንገራችሁ። ፑሊው ከነቶርኖው፣ ላስቲክና ጽዳት ተጨምሮ 2,200 ብር ከፈልኩ። ለእኔ ይገባዋል። መርፌ ግን እሳቸው ጋ የለም፤ ከውጭ ማስመጣት ያስፈልጋል። ቀጠሯቸውም አይታመንም። «ሐሙስ ነይ» ካሉ ሰኞ ጠብቁ። እሳቸው ጋ ካሴት ወደ ፍላሽ ማስገልበጡን ደግሞ አልመክርም። ሹሹታውን ለማጥፋት ሲሉ የማሲንቆውንም ጠርዝ አብረው ያጠፉታል። ሳይጸዳ እንዲገለብጡላችሁ ጠይቁ፤ ከጠየቃችኋቸው እሺ ይላሉ።

ስወጣ ጥቂት ነገሮች አጥብቀው ነገሩኝ። የአዳማ ፀሐይ ሸክላ ያጣምማል፤ መስኮት አጠገብ ወይም መኪና ውስጥ አይቀመጥ። ሲቀመጥም ቀጥ ብሎ ይቁም፣ አይደራረብ። ንፋሱ የሚያመጣውን አቧራ ደግሞ ከመጫወቱ በፊት በለስላሳ ብሩሽ ማንሳት ነው። ባለ 78 ዙሩ ጥንታዊው ሸክላ ካላችሁ አልኮል እንዳታስነኩት፣ ገጹን ይበላዋል።

ከሰዓት ሂዱ፣ ጠዋት ብዙ ጊዜ አይገኙም። ማሽኑን ብቻ ሳይሆን በቃላችሁ የምታውቁትን አንድ ሸክላም ይዛችሁ ሂዱ፤ እዚያው አስከፍታችሁ ሳትሰሙ አትክፈሉ።